ዶሪስ ላንግሊ ሙር፦ የልብስ ታሪክ አጥኚና የሙዚየም መሥራች

ዶሪስ ላንግሊ ሙር እ.ኤ.አ. በ1902 በእንግሊዝ ሊቨርፑል ተወልደው በደቡብ አፍሪካ አደጉ። ልቦለዶችንና የሕይወት ታሪኮችን ጽፈዋል፤ ስለ ገጣሚው ሎርድ ባይረን ባደረጉት ጥናትም ይታወቃሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሱት ግን በልብስ ታሪክ ነው።

ሙር የቆዩ ልብሶችን መሰብሰብ ሲጀምሩ ሙዚየሞች ለጥልፍና ለውድ ጨርቅ ቦታ ቢሰጡም ፋሽንን እንደ ቁም ነገር የሚያዩት ጥቂቶች ነበሩ። ያለፈው ዘመን ቀሚስ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ይበላሽ፣ ወይም ተቀዶ ለሌላ አገልግሎት ይውል ነበር። ሙር ግን ልብሱ ራሱ ማስረጃ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

የዚህ እምነት ፍሬ በወገብ ልክ ጉዳይ ታይቷል። የቪክቶሪያ ዘመን ሴቶች ወገብ ኮርሴት በሚባል ወገብ አጥባቂ የውስጥ ልብስ ታስሮ 18 ኢንች ወይም 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀጥን ነበር የሚል ወሬ በስፋት ይነገራል። ሙር ሜትር ይዘው የዘመኑን ቀሚሶች አንድ በአንድ ለኩ፤ 18 ኢንች የሆነ አላገኙም፤ አብዛኞቹ ከዚያ በብዙ ይሰፉ ነበር። የ18 ኢንች ልክ ተብሎ የሚሸጥ ኮርሴት መኖሩም ወሬውን እውነት አያደርገውም፤ ከኋላ በክር የሚታሰር በመሆኑ ሁለቱ ጠርዞች ሳይገጥሙ ክፍተት እየተተወ ይለበስ ነበር።

በ1949 ባሳተሙት «ዘ ውማን ኢን ፋሽን» የተሰኘ መጽሐፍ ውስጥ የሰበሰቧቸውን ልብሶች ለብሰው ፎቶግራፍ ከተነሡት መካከል ታዋቂዋ የባሌት ተወዛዋዥ ማርጎት ፎንቴን ትገኛለች። ልብሱ በሕያው ሰው ላይ ሲታይ አቋቋሙና አወራረዱ ይገባል። የዛሬ ሙዚየሞች ግን ይህን አይፈቅዱም፤ ላብና መወጠር ያረጀ ጨርቅ ስለሚጎዱ ልብሱ በልኩ በተሠራ የማሳያ አሻንጉሊት ላይ ይደረጋል።

ዕውቀታቸው ሲኒማ ቤትም ደርሷል። በ1951 በወጣው «ዘ አፍሪካን ክዊን» ፊልም ተዋናይት ካትሪን ሄፕበርን የለበሰቻቸውን ልብሶች የነደፉት እሳቸው ናቸው። ሠዓሊው ቶማስ ፊሊፕስ በሣለው ዝነኛ ሥዕል ላይ ባይረን የሚታይበት የአልባኒያ ልብስ ቦውድ ሃውስ በተባለ የመኳንንት መኖሪያ ቤት ተቀምጦ ሲገኝም የገጣሚው መሆኑን የለዩት ሙር ነበሩ። የልብስ ጥናታቸውና የባይረን ምርምራቸው የተገናኙት በዚህ ልብስ ላይ ነው።

የሰበሰቡትን ለሕዝብ ማሳየት ግን ረጅም ትግል ጠይቋል። የመሠረቱት የልብስ ሙዚየም በ1955 በኤሪጅ ካስል ተከፈተ፤ በ1963 በባዝ ከተማ አሴምብሊ ሩምስ በተባለው ጥንታዊ አዳራሽ ቋሚ ቦታ አገኘ። በዚያው ዓመት «የዓመቱ ቀሚስ» የተሰኘው ልማድ ተጀመረ፦ በየዓመቱ አንድ የፋሽን ዐዋቂ የዘመኑን መንፈስ ይገልጣል ያለውን ልብስ ይመርጣል፣ ልብሱም ወደ ሙዚየሙ ይገባል። የመጀመሪያው የፋሽን ዲዛይነሯ የሜሪ ኳንት ሥራ ነበር። በዚህ መንገድ ሙዚየሙ ልብስ እስኪያረጅ ሳይጠብቅ የራሱን ዘመን መዝግቧል።

ሙር በ1989 ዐረፉ። ዛሬ ፋሽን ሙዚየም የሚባለው ተቋም በ2022 ከአዳራሹ ወጥቶ በዚያው በባዝ አዲስ መኖሪያ እየተዘጋጀለት ነው። የቅርስ ክምችቱ ወደ 100 ሺሕ ይጠጋል። የሙር ትልቁ ውለታ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በአሠራራቸው ላይ ነው፤ ስለ አለባበስ የሚነገር ሁሉ በልብሱ በራሱ ተመርምሮ መረጋገጥ እንዳለበት አስተምረዋል።