ከርነሉ የረሳው ጥያቄ

ከርነል የሚባለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት አብዛኞቻችን አይተነው አናውቅም። ሆኖም በስልካችንም ሆነ በሰርቨር ላይ ያለ እሱ ፈቃድ አንዲት ፋይል አትከፈትም። የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ሚሞሪ ይንካ፣ ማን ይጻፍ፣ ማን ያንብብ ብቻ፣ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት እ.ኤ.አ. በ2016 በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ስለተገኘው «ደርቲ ካው» ስለተባለ ክፍተት ነው። ከጉዳቱ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ጥገናው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቁጠባ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ፋይል ሲያነቡ ከርነሉ ለየብቻ ቅጂ አያዘጋጅላቸውም፤ ሚሞሪ ላይ ያለችውን አንዷን ገጽ ለሁለቱም ያሳያቸዋል። አንዱ ልጻፍባት ሲል ያኔ የግል ቅጂ ይሠራለታል፣ ዋናዋ ሳትነካ ትቀራለች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አስቡ፦ ዋናውን ሰነድ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ይፈቅዳል፣ ሥርዝ ድልዝ ማድረግ ለሚፈልግ ግን ፎቶ ኮፒ አንስቶ ይሰጠዋል።

ስህተቱ የነበረው ቀጥሎ ባለው እርምጃ ላይ ነው። ከርነሉ የመጻፍ ጥያቄ ሲመጣለት ቅጂውን ይሠራል። ቅጂው ከተሠራ ወዲያ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎ «መጻፍ» የሚለውን ምልክት ከጥያቄው ላይ ያነሳና ገጿን ለማግኘት እንደገና ይሞክራል፤ አሁን ግን እንደ ተራ የንባብ ጥያቄ። በመካከል ያለችው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ በእጅጉ ታንሳለች። አጥቂው በዚያች ቅጽበት በሌላ በኩል «ቅጂውን አልፈልገውም፣ ጣለው» የሚል ትእዛዝ ይልካል። ትእዛዙ ሕጋዊ ነው፤ ማንኛውም ፕሮግራም የራሱን ቅጂ መጣል ይችላል። ከርነሉ ሲመለስ ቅጂው የለም። ጥያቄው ንባብ ብቻ ስለሚል ዋናዋን ገጽ ያነሳል፣ ከዚያም በመጀመሪያ የታዘዘውን ጽሑፍ እሷው ላይ ያሰፍራል። ሁለቱን ትእዛዞች ደጋግሞ ያሽቀዳደመ ተራ ተጠቃሚ፣ እንዲያነብ ብቻ የተፈቀደለትን የሲስተሙን ፋይል ለውጦ የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን ይሆናል።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሳይታይ ቀረ? ታይቶማ ነበር! የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሊጠግነው ሞክሯል። ያ ጥገና ኤስ390 በሚባሉት የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ላይ ችግር ስላመጣ ተነሳ። በጊዜው ሽቅድምድሙ በሐሳብ ደረጃ ብቻ ያለ ይመስል ነበር። የከርነሉ የሚሞሪ አያያዝ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ማስኬድ እየቻለ ሲመጣ ግን በሐሳብ የነበረው በተግባር የሚሠራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው 2.6.22 ስሪት ጀምሮ ክፍተቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ክፍት ሆኖ ኖረ። ፊል ኦስተር የተባለው ባለሙያ የደረሰበትም ኮዱን ሲያነብ አይደለም። ወደ ሰርቨሩ የሚገባውን የዌብ ትራፊክ እየቀዳ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ሰርቨሩን ያጠቃ ሰው የተጠቀመበትን ፕሮግራም ከዚያ ውስጥ ፈልቅቆ አወጣው። ከጠጋኞቹ በፊት አጥቂዎቹ ያውቁት ነበር ማለት ነው።

በኦክቶበር 2016 ቶርቫልድስ ያስገባው ጥገና ከ20 መስመር የማይበልጥ ነው። «መጻፍ» የሚለው ምልክት ከእንግዲህ ከጥያቄው ላይ አይነሳም። በምትኩ «ቅጂ ተሠርቷል» የሚል አዲስ ምልክት ይጨመርበታል። ከርነሉ ይህንንም ብቻውን አያምነውም፤ ያገኛት ገጽ ለመጻፍ የተዘጋጀችው ቅጂ መሆኗን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ማረጋገጫው ከሌለ ቅጂው ተጥሏል ማለት ነውና ሌላ ቅጂ ይሠራል። አጥቂው መቶ ጊዜ ቢያስጥለው መቶ ጊዜ ይሠራል እንጂ ዋናዋን አይነካም። ሽቅድምድሙ አሁንም አለ፤ አጥቂው ቢያሸንፍ እንኳ የሚያገኘው ነገር የለም። እኔ እንዲህ ያለውን ጥገና ከየትኛውም ወፍራም ግድግዳ አስበልጠዋለሁ።

ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። ከርነሉ ትልልቅ የሚሞሪ ገጾችንም ያስተዳድራል፤ ያው ዘዴ ለእነሱ ሲሠራ አንድ ነገር አመለጠ። እዚያ ማረጋገጫው ቅጂ ሳይሠራም ሊገኝ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ቢንዴሲ የተባለ ድርጅት ይህን አጋለጠና ጥገናው ራሱ ተጠገነ። ጉዳቱ ከፊተኛው ያነሰ ነበር።

ኮዱ ከተስተካከለ በኋላ ያለው መንገድ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። የአንድሮይድ ከርነል ሊኑክስ ነውና ክፍተቱ ስልኮችም ላይ ነበር። ጉግል ጥገናውን በ2016 መጨረሻ በደኅንነት ማሻሻያው ውስጥ አካተተው፤ አንድ ስልክ የሚደርሰው ግን አምራቹ ሲልክለት፣ ባለቤቱም ሲጭነው ብቻ ነው። አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ትሬንድ ማይክሮ በዚሁ ክፍተት የሚጠቀም ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከ40 በላይ አገሮች ውስጥ አገኘ።

ስለዚህ ቴሌብርም ሆነ የባንክ አፕሊኬሽን የጫናችሁበትን ስልክ አሁኑኑ አንሱና ሴቲንግ ውስጥ የሴኩሪቲ አፕዴቱን ቀን ተመልከቱ። አዲስ ከመጣ ዋይፋይ እንዳገኛችሁ ጫኑት። አምራቹ መላክ ካቆመ ቆይቶ ከሆነ ገንዘባችሁን የምታንቀሳቅሱበትን ነገር ሁሉ ከዚያ ስልክ ላይ አንሱ።