ስለ ቤት ማኅበራችን ሒሳብ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ነው።

ጥቂት ሰዎች ብቻቸውን ሊሠሩት ያልቻሉትን ቤት ተባብረው ለመሥራት ይደራጃሉ። በየወሩ ያዋጣሉ፣ ቦታ ይጠይቃሉ፣ ሲሚንቶና ብረት ይገዛሉ። እንዲህ ያለው ማኅበር ቤት ሠርቶ የሚያተርፍ ነጋዴ አይደለም። በእጁ ያለው ገንዘብ የአባላቱ ነው። ስለዚህ ከማኅበሩ ሣጥን አንድ ሺህ ብር ቢጎድል፣ የጎደለው እንጀራ ሸጣ ካጠራቀመች እናት፣ ሌሊት በጥበቃ ሥራ ካደረ አባት ኪስ ነው።

በአገራችን እነዚህ ማኅበራት የበዙት በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ነው። ቦታ መግዛትና መሸጥ ስለቀረ፣ ብዙ ሠራተኛ ቦታ ያገኘው በማኅበር ተደራጅቶ ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊትም በሌላ አገር ነበር። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1844፣ ሸማኔዎች ያሉባቸው ጥቂት ሠራተኞች የኅብረት ሱቅ አቋቁመው ነበር። ለአባላት ቤት መሥራትም በዕቅዳቸው ውስጥ ነበረ። ሒሳቡ በየጊዜው ለአባላት እንዲነገር ደንግገው ነው የተነሡት። ድሆች ስለነበሩ እያንዳንዱ ሳንቲም የት እንደገባ ማወቅ ነበረባቸው።

ወደኛ እንመለስ። በስብሰባ ላይ አንድ አባል ተነሥቶ «ሒሳቡን እንይ» ሲል ብዙ ጊዜ ምን ይባላል? «አታምኑኝም ወይ? ስንት ዓመት አብረን ኖረን!» ይባላል። ከዚያ ጠያቂው አፍሮ ይቀመጣል። ይሄ ነው ችግሩ። በእኔ አስተያየት ሒሳብ መጠየቅ ስድብ አይደለም። እንዲያውም ወረቀቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው ንጹሑን ሊቀ መንበር ነው። ሰው ሲያማው ምን ያሳያል? ደረሰኝ ከሌለው መማል ብቻ ነው የሚቀረው።

ሕጉም ከጠያቂው ጋር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው መሆኑን ይናገራል። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ብዙ ያዋጣም ሁለት ድምፅ የለውም። ሥራውን የሚመራ ኮሚቴና እሱን የሚቆጣጠር ኮሚቴ ይመረጣሉ። ሒሳቡም በየዓመቱ በሒሳብ መርማሪ፣ በተለምዶ ኦዲተር በምንለው ሰው፣ መመርመር አለበት። የቀረውን ዝርዝር የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብ ይነግራችኋል። እስቲ የደንቡን ቅጂ ቤታችሁ ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

አሁን አንዷን ብር እንከተላት። ገንዘብ ስትከፍሉ ገንዘብ ያዡ በካርቦን ደረሰኝ ይጽፋል። በራሪው ለእናንተ ይሰጣል፣ ቀሪው በጥራዙ ላይ ይቀራል። ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ስማችሁ፣ የገንዘቡ ልክ በአኃዝም በፊደልም፣ ተራ ቁጥሩ። ተራ ቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው። ጥራዙ ከ151 እስከ 200 ከሆነ፣ ሃምሳውም ቀሪ እዚያው መገኘት አለበት። የተበላሸው እንኳ «ተሰርዟል» ተብሎ ተጽፎበት ይቀመጣል እንጂ አይቀደድም። በዛሬ ጊዜ በስልክ ገንዘብ መላክ ተለምዷል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ወደ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ እንጂ ወደ ሊቀ መንበሩ ስልክ አይግባ። በስልክ ብትልኩም ደረሰኛችሁን ጠይቁ።

ብሯ ቀጥሎ ወደ ባንክ መሄድ አለባት። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ እርሳስ ያላችሁ ጻፉ። ሃያ አባላት አሉ እንበል። እያንዳንዱ በወር 5,000 ብር ያዋጣል። 20 ጊዜ 5,000፣ በወር 100,000 ብር ነው። በዓመት 1,200,000 ብር ይሆናል። የባንኩን የሒሳብ መግለጫ ስናይ በዓመቱ ገቢ የተደረገው 1,140,000 ብር ነው። (ልብ በሉ፤ የምናየው ገቢ የተደረገውን ነው እንጂ ዛሬ የቀረውን አይደለም። ከቀረው ላይ ወጪ ተቀንሶበታል።) የጎደለው 60,000 ብር ነው። ወዲያው «ተበላ!» ብለን አንጩህ። 60,000 ብር የአንድ ሰው የዓመት መዋጮ ነው፤ ምናልባት አንድ አባል ታሞ ወይም ሥራ ፈትቶ ሳይከፍል ቀርቶ ይሆናል። ይህን የሚያሳየን የደረሰኙ ቀሪ ነው። ቀሪዎቹ ሲደመሩ 1,140,000 ብር ከመጡ፣ ያልከፈለ ሰው አለ ማለት ነው፤ ከእሱ ጋር መመካከር ነው። ቀሪዎቹ 1,200,000 ብር ካሉ ግን ሁሉም ከፍሏል፤ ገንዘቡ ከገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ተነሥቶ ባንክ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ለገንዘብ ያዡ ነው። አያችሁ፣ ጉድለቱ አንድ ሆኖ ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ወረቀት ባይኖር ኖሮ የታመመውንና የወሰደውን አንለይም ነበር።

ከባንክ ሲወጣም እንዲሁ ነው። ቼክ ላይ አንድ ሰው ብቻውን እንዲፈርም አትፍቀዱ። ዕቃ ሲገዛ ከሦስት ሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ፣ ማለት ፕሮፎርማ፣ ማስመጣት ይበጃል። 300 ኩንታል ሲሚንቶ ተገዝቶ በዕቃ ገቢ ደረሰኝ ላይ 260 ብቻ ከተጻፈ፣ 40 ኩንታል የት ወረደ? በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህን ሥራ የሚሠሩት ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የሚባሉት ናቸው፤ በአንዱ ዕቃ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። የእናንተ ማኅበር ተራ ደብተርም ቢይዝ ይበቃዋል። ዋናው ነገር የተረከበው ሰው መፈረሙ ነው።

ስለ ፊርማ ካነሣን ቃለ ጉባኤን ማለፍ አይቻልም። ብዙዎቻችሁ ከዚህ በፊት አውራ ጣታችሁን ቀለም ነክራችሁ በማታነቡት ወረቀት ላይ አትማችኋል። ምን ተጻፈበት? የጻፈው ሰው ያውቃል። «መዋጮ ይጨመር»፣ «ሥራ ተቋራጩ ይለወጥ»፣ «የእገሌ አባልነት ይሰረዝ» የሚለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ነው የሚያልፈው። በኋላ ጭቅጭቅ ቢነሣ ያንን ወረቀት አውጥተው «ይኸው፣ ተስማምተሃል» ይላሉ። አሁን ግን ፊደል ቆጥራችኋል። ቀስ ብላችሁ፣ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ሰው ቢቸኩልባችሁ ይጠብቅ። በጽሑፉ መጨረሻና በፊርማው መካከል ባዶ መስመር ካለ፣ ሳትፈርሙ በፊት መስመር ይሰመርበት፤ በባዶው ቦታ ላይ ነገ ምን እንደሚጨመር አይታወቅም። ያልተስማማችሁበት ነገር ካለም ተቃውሟችሁ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ኮሚቴው አላሳይም ቢልስ? መጀመሪያ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀን ጻፉበት፣ አንድ ቅጂ ያዙ። ቀጥሎ የቁጥጥር ኮሚቴውን፣ ከዚያም ጠቅላላ ጉባኤውን ጠይቁ። ማኅበሩን የመዘገበው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤትም አለ። እዚያ ሄዳችሁ ሒሳቡ መቼ እንደተመረመረ ጠይቁ። ብቻችሁን ከምትሄዱ አምስት ስድስት ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ ይሄ የእኔ ምክር ነው።

አንድ ነገር ቀረን። ብዙ ወረቀት የሚጠፋው በስርቆት ሳይሆን ኮሚቴ ሲለወጥ ነው። የቀድሞው ጸሐፊ ሰነዱን ቤቱ አስቀምጦ ይሞታል ወይም አገር ይለቃል። ከዓመታት በኋላ ቤቱ በየአባሉ ስም ሊዛወር ሲል «ማን ስንት ከፍሏል?» ይባላል፤ መልስ የሚሰጥ የለም። በሟች አባል ቦታ የመጡ ልጆች እናታቸው የከፈለችውን ማስረዳት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን። የደረሰኝ ጥራዞቹ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው ቁጥር እንደሆኑ፣ የቃለ ጉባኤው መዝገብ ስንት ገጽ እንዳለው፣ የቼኩ ደብተር፣ ማኅተሙ፣ የቦታው ካርታ፣ ሁሉም ይዘርዘር። አስረካቢና ተረካቢ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። የሣጥኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።