ጣሪያ የሚጠብቅ ግድግዳ

አንባቢ ሆይ፤ መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን ዞረህ ያየህ እንደ ሆነ፣ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው የቀረ ቤት ሳታይ አልተመለስህም። ድንጋዩ እስከ ደረት ተገንብቷል፤ በውስጡ ሣር በቅሏል፤ በበሩ በኩል አንዲት በግ ታስራለች። ባለቤቱን ብትጠይቀው «ዘንድሮስ ይከደናል» ይልሃል። አምና የጠየቀውም ሰው ይህንኑ ቃል ሰምቶ ነበር።

ያ ቤት ምናልባት ያንተው ይሆናል። በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ከአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ገብተህ፣ ከደመወዝህ ላይ እየቆጠብህ፣ በእናትህ ጓሮ አንዲት ክፍል ቤት ለማሠራት ቀብድ ከሰጠህ ዓመት አልፎህ ይሆናል። ዛሬ የምንነጋገረው ቤቱ ለምን እንደሚዘገይ፣ ከዚያም ይልቅ ሲዘገይ ጎረቤት ለምን እንደሚያኮርፍ ነው። አንተ እሑድ ማታ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ፤ ከጎረቤት ጋር እሳት የምትጫጫረው፣ ቡና የምትጠራራው፣ ሌሊት ብትታመም «ድረሱልኝ» የምትለው ግን እናትህ ናት። ስለዚህ በዚያ ጓሮ ከገንዘብህ የበለጠ ነገር አለ።

በመንዝ ቤት ሠርቶ ለመጨረስ መቆየት አዲስ ነገር አይደለም። አገሩ ደጋ፣ ብርዱ ብርቱ፣ የቤት እንጨቱም ጥቂት ስለ ሆነ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ቤቱን በድንጋይ ይሠራል። ድንጋይ አይቸግርም፤ ከማሳው እየተለቀመ ይገኛል። የሚቸግረው ክዳኑ ነበር። ለክዳን የሚመረጠው ጓሳ የሚባለው ሣር ሲሆን፣ የሚበቅለውም ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በተንጣለለውና ስሙን ከሣሩ ባገኘው ሜዳ ላይ ነው።

ይህን ሜዳ ማንም እንዳሻው አያጭደውም ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ያገሬው ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። የአስቦና የጌራ ተወላጅ ነን የሚሉት ባለ ርስቶች አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባሉ አለቆች ይመርጣሉ፤ አለቆቹም ሜዳውን ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጉታል። ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ፣ በበጋው ወራት፣ የሚከፈትበት ቀን ለሕዝብ ይነገራል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሰውም ከብቱም ሜዳውን ለቆ ይወጣል።

እንግዲህ ጓሳው በተዘጋ ማግሥት ግድግዳውን የጨረሰ ሰው ምን ያድርግ? ሌላ ሣር ፈልጎ ለጊዜው ካልከደነ በቀር ዓመት ቆጥሮ መጠበቅ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ ይህ ሰው ዘግይቶ ሳለ ጎረቤቱ አይቀየመውም ነበር። ጎረቤቱም የጎጆውን አሮጌ ክዳን ለመለወጥ የሚጠብቀው ያንኑ ቀን ነውና! መዘግየቱ የጋራ ነበር። ግድግዳውንም ቢሆን ያቆመው ጎረቤት ራሱ ነው። ባለቤቱ ደቦ ይጠራል፤ ሴቶቹ የገብስ ጠላ ይጠምቃሉ፤ ወንዶቹ ድንጋይ ሲያግዙ፣ ጭቃ ሲያቦኩ፣ ሲገነቡ ይውላሉ። በራሱ እጅ የካበውን ግድግዳ «ፀሐይ ከለከለኝ» ብሎ የሚከስ ሰው ከቶ አይገኝም፤ ቅር ቢለው ኖሮ ያን ዕለት፣ ጠላው በእጁ ሳለ፣ «ወደዚያ ፈቀቅ አድርገው» ይል ነበር።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር ቄሮም አብሮ ቀረ። የጓሳ ሜዳ ግን ጨርሶ ያለ ጠባቂ አልቀረም፤ በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ኮሚቴ አቁመው ይጠብቁታል፤ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት፣ ሕዝቡ ራሱ የሚንከባከበው ስፍራ ነው። በቤቱ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ የአባ ቄራን ቀን አይጠብቅም፤ ገንዘብ ያለው ሰው ከገበያ ገዝቶ ያስጭነዋል። ሰው ሁሉ «ከእንግዲህ መዘግየት ቀረ» ሳይል አልቀረም።

አልቀረም! የሚያዘገየው ነገር ተለወጠ እንጂ።

ግንበኛው «በሠላሳ ቀን አስረክባለሁ» ብሎ ይፈርማል። እስቲ ሠላሳውን ቀን አብረን እንቁጠረው። አራት እሑድና አራት ቅዳሜ ይወጣሉ። ቀጥሎ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ ባለ ወልድ አሉ፤ በዓል አጥብቆ በሚያከብር አጥቢያ በእነዚህ ቀናት ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ይወገዛል። ከእነዚህ አንዳንዱ ከእሑድና ከቅዳሜ ጋር ቢገጥም እንኳ በእጅህ የሚቀረው ግማሹ ወር ነው። ከእርሱም የገበያውን ቀን ቀንስ፤ ለቀብርና ለተዝካር የሚሄደውንም ቀንስ። ውልህ «ሠላሳ ቀን» ሲል፣ አንተ ያሰብኸው የቢሮ ወር ነው፤ ግንበኛው ያሰበው የአጥቢያውን ወር ነው። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።

ደግሞም ግንበኛው ገበሬ ነው። ክረምት ግንብ አይሠራም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ እርጥብ ልስንን ያፈራርሳል። የበልጉ ዝናብ የጣለ እንደ ሆነ ደግሞ ገብሱን መዝራት አለበት፤ ለልጆቹ የሚያበላው እርሱን እንጂ ያንተን ቀብድ አይደለም። ለግንብ የሚመቸው ወቅት አጭር ስለ ሆነ ከሦስት ሰው ቀብድ ተቀብሎ ለሦስቱም ጥቂት ጥቂት ይሠራል፤ የአንዱንም አይጨርስም። ይህን ማድረጉ ደግ ነው አልልም፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ማወቅ ይገባል። ሲሚንቶውም ቢሆን ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ መድረስ አለበት።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ሴት ይህን ሁሉ ወር ምን እያየች ከረመች? ድንጋይህ ከብቶቿ የሚወጡበት መተላለፊያ ላይ ተከምሯል። ድንጋይ በተጠረበ ቁጥር አቧራው ለብቅል ባሰጣችው ገብስ ላይ ይወርዳል። ኩበት የምታደርቅበት ስፍራ ግንብህ ከቆመ ወዲህ እስከ ረፋድ ድረስ ጥላ ነው፤ በመንዝ ብርድ ደግሞ የጧት ፀሐይ ትንሽ ነገር አይደለም። ዋናው ግን ውሃው ነው። የሣር ክዳን ዝናቡን እየመጠጠ ቀስ አድርጎ ያንጠባጥበዋል፤ ቆርቆሮ ግን ተቀብሎ ወዲያው ይለቀዋል። ጠፈጠፍህ በአጥሯ ግርጌ ከወረደ አንድ ክረምት ሳይሞላ የቤቷን የጭቃ ልስን ይበላዋል። እርሷ ያን ጊዜ የምታየው ቤት ሳይሆን የከተማ ሰው ንቀት ነው፤ አንተ ደግሞ ማኩረፏን ስትሰማ «ቅናት ነው» ትላለህ።

ቅናት አይደለም፤ ሕጉም የሚያግዘው እርሷን ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225፣ ባለ ሀብት የሆነ ሰው በንብረቱ ሲጠቀም የጉርብትናን ደንብ እንዲጠብቅ፣ ጎረቤቱንም እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዝዛል፤ ከልክ ያለፈ ጢስና ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንውጽውጽታም ተዘርዝረው ይገኛሉ። ግንበኛህንም ቢሆን ሕጉ አልረሳውም፤ በቁጥር 3039 ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለአሥር ዓመት ለጥንካሬው ዋስ ያደርገዋል። ዳሩ ግን እናትህ ከጎረቤቷ ጋር ፍርድ ቤት ቆማ ብትረታስ ምን ይጠቅማታል? በማግሥቱ እሳት የምትጭረው ከማን ቤት ነው?

በጃፓን አገር ሺራካዋ ጎ የሚባል የተራራ መንደር አለ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቤቶቹ የሣር ክዳን እጅግ ወፍራምና ቀጥ ያለ ሲሆን፣ አንዱን ቤት ለመክደን የመንደሩ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ ሥርዓቱንም ዩዊ ይሉታል። ተራው የደረሰው ሰው ዛሬ ጉልበት ይበደራል፤ ነገ ይከፍላል። እኛ ወንፈል የምንለው ይኸው አይደለምን? ጃፓናውያን ሁሉንም በማሽን ሊያሠሩት ሲችሉ ይህን አልተዉትም።

አንተም ግንበኛ ቀጥረሃልና ደቦው አያስፈልገኝም አትበል። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ከእናትህ ጋር ሆነህ ወደ ጎረቤቶቹ ቤት ሂድ፤ ገመድ በሽማግሌ ፊት ይጎተት፤ ችካሉም እነርሱ ባሉበት ይመታ። ድንጋይ የሚጋዝበትን አንድ ቀን ለደቦ ተውለት፤ ጠላውም አይጉደል። ድንጋዩ የት እንደሚከመር ያን ዕለት የሚነግሩህ ራሳቸው ይሆናሉ። በውሉ ላይ «ሠላሳ ቀን» ሳይሆን «ሠላሳ የሥራ ቀን» አስጽፍ፤ መጀመሪያውንም በጥቅምት አድርገው። ገንዘቡን አንድ ጊዜ አትስጥ፤ መሠረቱ ሲወጣ፣ ግድግዳው ሲያልቅ፣ ጣሪያው ሲመታ እየከፈልህ፣ የመጨረሻውን ድርሻ አንድ ዝናብ እስኪያልፍበት አቆየው። ሲሚንቶና ምስማር ራስህ ግዛ። ግንበኛው በልግ ላይ እንዳይጠፋብህ የእርሻውን ጊዜ አስቀድመህ ጠይቀው፤ ያን ጊዜ እንዲሄድ ብትፈቅድለት በጊዜው ይመለሳል፤ ብትከለክለው ግን ሳይነግርህ ይሄዳል።

አሸንዳው በማን በኩል እንደሚወርድ ደግሞ ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት፣ ጎረቤትየዋ ቆማ ሳለች ይወሰን። ዘመም የሚለው ወገን አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ፣ ለመለወጥ ጣሪያውን መንቀል ያስፈልጋል፤ ምስማር የበሳው ቆርቆሮም ሁለተኛ ሲመታ ያፈሳል።