የተቀዳ ደም መንገድ ላይ እንዳይበላሽ

አንድ የስማዳ ገበሬ አሥር ቁና ጤፍ ሰፍሮ፣ በጆንያ ጭኖ ወደ ወገዳ ገበያ ሄደ እንበል። ጆንያው ቀዳዳ ነበረውና ገበያ ደርሶ ሲሰፍረው ስምንት ቁና ሆነ። ታዲያ ቁናው ዋሽቷል? የለም፣ አልዋሸም። ጤፉ የጎደለው መንገድ ላይ ነው። የደም ምርመራም እንደዚሁ ነው።

በአገራችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በየጊዜው ይለካል። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ በዚህ ቁጥር ይታወቃል። ነገር ግን መለኪያው በየጤና ጣቢያው የለም። ባሕር ዳር ያለው የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ምርመራ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ስለዚህ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ገጠር የሚቀዳ ደም ብዙ መንገድ መጓዝ አለበት።

ለመሆኑ ደሙ በመንገድ ላይ ምን ይሆናል? ጠላ ሲቆይ አተላው ይዘቅጣል፤ ጠላው ከላይ ይጠልላል። ደምም በመሣሪያ ሲሽከረከር ወፍራሙ ከታች፣ ውኃማው ከላይ ይሆናል። ውኃማው ፕላዝማ ይባላል። የሚለካው በፕላዝማው ውስጥ ያለው ቫይረስ ነው። ደም ከተቀዳ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው መለየት አለበት። የተለየው ፕላዝማ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ቦታ እስከ 5 ቀን ይቆያል። ለምርምር ተብሎ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ግን ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል።

ደሙ በበሽሎ ቆላ ሙቀት ከዋለ ቫይረሱ ይፈራርሳል፤ ቁጥሩም ካለው በታች ሊወርድ ይችላል። በሽተኛው «ድኛለሁ» ብሎ ሲዘናጋ ቫይረሱ በውስጡ ይራባል። ቅዝቃዜም ሲበዛ ይጎዳል። ያልተለየ ደም በረዶ ከሆነ ወፍራሙ ክፍል ይፈነዳል፤ በውስጡ የተደበቀውም አብሮ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ቁጥሩ ያለአግባብ ከፍ ይላል። መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው «አቋርጠሃል» ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ የጋይንት ብርድ ይበቃል ተብሎ የበረዶ ሣጥኑ አይተውም፤ ደሙም በረዶውን እንዲነካ አይደረግም።

እኛስ ምን እናድርግ? በቀጠሮው ቀን በማለዳ እንድረስ፤ ደሙ በዚያው ቀን መኪና እንዲደርስ። ነርሷ «ናሙናው ተበላሽቷልና እንደገና ይስጡ» ካለች አንቆጣ። በሐሰት ቁጥር ከመታከም ሁለት ጊዜ መቀዳት ይሻላል።