ሐኪምና አስታማሚ ሲያንስ የፓርላማ ሥራ ምንድን ነው?

በማናቸውም አገር ለሕዝብ ጤና ጥበቃ የሚያስፈልጉት ዋና ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ቤት፣ መድኃኒትና ሰው ናቸው። ቤቱ ገንዘብ ከተገኘ በሁለትና በሦስት ዓመት ይሠራል፤ መድኃኒቱም ገንዘብ ከተገኘ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ተጭኖ ይመጣል። ሰው ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ወጣት ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ከገባበት ቀን አንሥቶ በአንድ የሕክምና ክፍል ሊቅ እስኪሆን ድረስ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያልፋል። አስታማሚ፣ ማለት ነርስ፣ ለመሆንም ሦስት ዓመት ያህል መማር ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ በሐኪም ቤት የሐኪም እጥረት ቢታይ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተሠራው ከዐሥር ዓመት በፊት ነው።

ነገር ግን ሹማምንት በአንድ ወንበር ላይ ዐሥር ዓመት አይቀመጡም። የዘንድሮው ሹም የዘንድሮውን በጀት ያያል፤ የሚመጣውን ችግር ለሚመጣው ሹም መተው ይቀለዋል። ታዲያ ሩቁን ዘመን አስቦ «ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ቈጥራችኋልን?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ፓርላማ ባላቸው አገሮች ይህን መጠየቅ የሕዝብ እንደራሴዎች ተግባር ነው። የእንደራሴዎች ጥያቄ ምን ሊሠራ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚቆም በደንብ የሚያስረዳ ታሪክ ከ2020 እስከ 2025 ድረስ በእንግሊዝ አገር ታይቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአገልግሎቱ አጀማመር

የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራውን የጀመረው በጁላይ 5 ቀን 1948 ነው። በዚያን ጊዜ የጤና ሚኒስትር የነበሩት አናይሪን ቤቫን ናቸው። የአገልግሎቱ መሠረተ ሐሳብ፣ ወጪው መንግሥት በግብር ከሚሰበስበው ገንዘብ እየተከፈለ፣ የታመመ ሰው ሁሉ ሀብታምም ሆነ ድኻ በሚታከምበት ሰዓት ሒሳብ ሳይጠየቅ እንዲታከም ነው። ይህም በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የተወደደ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሐኪም ቤቶቹ ገና ከመጀመሪያው ዘመን ጀምሮ የሰው እጅ አነሳቸው። ስለዚህ ከካሪቢያን ደሴቶች አስታማሚዎች፣ ከህንድና ከፓኪስታን ደግሞ ሐኪሞች እየመጡ ጉድለቱን ሞሉት። ሰውን ከውጭ አገር ማምጣት ፈጥኖ የሚደርስ እርዳታ ነው፤ ነገር ግን በአገር ውስጥ ስንት ሰው መማር እንዳለበት አስቀድሞ የማሰብን ግዴታ የማስረሳት ጠባይ አለው። የገንዘብ ቍጠባም ጉዳዩን ያባብሰዋል። ለምሳሌ በ2017 መንግሥቱ አዲስ ለሚገቡ የአስታማሚነት ተማሪዎች ይሰጥ የነበረውን የመማሪያ ድጎማ አስቀረ፤ ከዚያ በኋላ ለመማር የሚያመለክቱት ሰዎች ቍጥር ቀነሰ፤ በ2020 በዓመት 5,000 ፓውንድ የሚሆን እርዳታ እንደ ገና ተፈቀደ።

ኮሚቴው እንዴት ይሠራል?

የእንግሊዝ ፓርላማ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። አንደኛው ሕዝቡ የሚመርጣቸው እንደራሴዎች የሚቀመጡበት የታችኛው ምክር ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሎርዶች ምክር ቤት ነው። የታችኛው ምክር ቤት በ1979 የየሚኒስቴሩን ሥራ የሚከታተሉ ልዩ ልዩ ኮሚቴዎች እንዲቋቋሙ ወሰነ። ከ2010 ጀምሮም የአብዛኞቹ ኮሚቴዎች ሊቃነ መናብርት የሚመረጡት በእንደራሴዎቹ ምስጢራዊ ድምፅ ሆነ። ስለ ጤናና ስለ ማኅበራዊ እንክብካቤ የሚመረምረው ኮሚቴ አባላት ከመንግሥቱም ከተቃዋሚውም ወገን የተውጣጡ ናቸው።

ምርመራ ስንል እንደ ፖሊስ ምርመራ አይደለም። ኮሚቴው ጉዳዩን በግልጽ ያስታውቃል፤ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አሳቡን በጽሑፍ እንዲልክለት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ሐኪሞችን፣ አስታማሚዎችን፣ ሊቃውንትንና ሹማምንትን፣ በመጨረሻም ሚኒስትሩን ራሳቸውን ጠርቶ በሕዝብ ፊት ይጠይቃል። የተባለውም ቃል በቃል ተጽፎ ይታተማል። ምርመራው ሲያልቅ ኮሚቴው ራፖሩን ያወጣል፤ መንግሥትም እንደ ልማዱ በሁለት ወር ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቃል። የኮሚቴው ሥልጣን ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ኮሚቴው አንድ ሐኪም እንኳ መቅጠር አይችልም፤ ከግምጃ ቤትም አንዲት ፓውንድ ማውጣት አይችልም።

ጠያቂው ማን ነበር?

በ2020 መጀመሪያ ላይ የዚህ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው የተመረጡት ሚስተር ጄረሚ ሀንት ናቸው። እኒህ ሰው ከ2012 እስከ 2018 ድረስ የጤና ሚኒስትር ነበሩ። ስለዚህ «ሰው ለምን አነሰ?» የሚለው ጥያቄ በከፊል ወደ ራሳቸው ዘመን የሚመለስ ነበር። ብዙዎች ይህን አንሥተው ነቅፈዋቸዋል። በሌላ በኩል ግን የሚኒስቴሩን ጓዳ በሚገባ ስለሚያውቁ፣ የሹማምንቱ መልስ በየትኛው ስፍራ እንደሚሸሽግ ያውቁ ነበር።

ኮሚቴው በጁን 2021 ያወጣው ራፖር የሥራ ብዛት ስለሚያመጣው መዛል የሚናገር ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ሠራተኞቹን እጅግ አድክሟቸው ነበር። ራፖሩ ግን መዛሉ በወረርሽኙ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ አስረዳ። አንድ የሥራ ቦታ ባዶ ሲሆን የቀሩት ሠራተኞች ሸክም ይከብዳል፤ ሸክሙ ሲከብድ ይታክታሉ፤ ሲታክታቸው ሥራውን ይለቃሉ፤ እነርሱ ሲለቁም ሌላ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ይህን ክፉ ዙረት ለመቍረጥ፣ ለሚመጡት ዓመታት ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ ከመንግሥቱ ነጻ በሆነ አካል ተቈጥሮ በየጊዜው እንዲታተም ኮሚቴው ጠየቀ።

በቍጥር ላይ የተነሣው ክርክር

በዚያው ዓመት ስለ ጤናና ስለ እንክብካቤ አንድ አዲስ የሕግ ረቂቅ ለፓርላማው ቀርቦ ነበር። ሚስተር ሀንትና ሌሎች እንደራሴዎች ቈጠራው በየሁለት ዓመቱ እንዲታተም የሚያስገድድ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረቡ። መንግሥቱ፣ የሠራተኛውን ጉዳይ የሚያጠኑ መሥሪያ ቤቶች አስቀድሞ ስለ ታዘዙ እንዲህ ያለ ሕግ አያስፈልግም ሲል ተከራከረ። የማሻሻያው ደጋፊዎች ግን፣ ቍጥሩ በአደባባይ ከታተመ ግምጃ ቤቱ አላየሁም ሊል እንደማይችል፣ ዋናው ነገርም ይኸው እንደ ሆነ ተናገሩ።

በኖቬምበር 23 ቀን 2021 ድምፅ ተሰጠ። ማሻሻያውን 219 እንደራሴዎች ሲደግፉት 280 ስለ ተቃወሙት ወደቀ። የሎርዶች ምክር ቤት አሳቡን እንደ ገና ወደ ረቂቁ ቢመልሰውም፣ የታችኛው ምክር ቤት ደግሞ ጣለው። በኤፕሪል 2022 የጸደቀው ሕግ ሚኒስትሩን ያስገደደው፣ የሠራተኛው ፍላጎት በምን ዐይነት አሠራር እንደሚታወቅ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ እንዲገልጹ ብቻ ነበር። ይህም የቍጥሩን ነገር ሳይነካ አለፈው።

ኮሚቴው ግን ዝም አላለም። በጁላይ 2022 ሁለተኛ ራፖር አወጣ፤ በዚህም የጤና አገልግሎቱ በታሪኩ ከገጠመው የሠራተኛ ችግር ሁሉ የሚከፋው ደርሶበታል አለ። በእንግሊዝ ብቻ፣ ማለት ስኮትላንድን፣ ዌልስንና ሰሜን አየርላንድን ሳይጨምር፣ 12,000 የሐኪም ቤት ሐኪሞችና ከ50,000 በላይ አስታማሚዎችና አዋላጆች እንደሚጐድሉ የቀረበለትን ጥናት ጠቀሰ። በሚቀጥለው ዐሥር ዓመት መጀመሪያ ላይም በጤና 475,000፣ በማኅበራዊ እንክብካቤ ደግሞ 490,000 ተጨማሪ የሥራ ቦታ እንደሚያስፈልግ የተገመተውን ገለጸ።

ራፖሩ በታላላቅ ቍጥሮች ላይ ብቻ አልቆመም። አንዳንድ አስታማሚዎች ቤተሰባቸውን ለመመገብ፣ የቤት ኪራይ ለመክፈልና ወደ ሥራ ለመመላለስ መቸገራቸውን አነሣ። በተረኛነት ሰዓት ትኩስ ምግብና መጠጥ፣ የሚያርፉበትና ልብስ የሚለውጡበትም ስፍራ እንዲያገኙ አሳሰበ። ከፍ ያለ ልምድ ያላቸው ሐኪሞችም በጡረታ ሕጉ ምክንያት የሚጣልባቸውን ግብር ሸሽተው ሥራቸውን መቀነሳቸውን ወይም ጨርሰው መልቀቃቸውን ብሔራዊ ነውር ብሎ ጠራው። አዲስ ሐኪም ለማስተማር ብዙ ዓመት ሲያስፈልግ፣ የተማረውን በመልካም አያያዝ ማቆየት ግን በአንድ ውሳኔ የሚቻል ነገር ነውና።

ጠያቂው መልስ ሰጪ ሲሆን

ሦስት ወር ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። በኦክቶበር 14 ቀን 2022 ሚስተር ሀንት የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ትናንት በኮሚቴው ወንበር ላይ ሆነው ሲጠይቁት የነበረውን ነገር መፍቀድ በእጃቸው ገባ። በኖቬምበር 17 ቀንም፣ ለአምስት፣ ለዐሥርና ለዐሥራ አምስት ዓመት የሚያስፈልገው ሠራተኛ በነጻ አካል ተረጋግጦ እንዲታተም መንግሥቱ መወሰኑን ለምክር ቤቱ ገለጹ። በዲሴምበር 2022 አስታማሚዎቹ በማኅበራቸው ታሪክ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከፍተኛ የሆነውን የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። በማርች 2023 በቀረበው በጀት የሐኪሞቹን ጡረታ የሚነካው የግብር ሕግ ተሻሻለ።

የተባለው ዕቅድ በጁን 30 ቀን 2023 ታተመ። በዚያ ዓመት በማርች ወር ከ112,000 በላይ ክፍት የሥራ ቦታ እንደ ነበረ፣ ምንም ሳይደረግ ከቀረ በ2037 ገደማ ጉድለቱ ከ260,000 እስከ 360,000 ሊደርስ እንደሚችል በግልጽ አመለከተ። የሕክምና ተማሪዎችን መቀበያ ቦታ በ2031 እጥፍ አድርጎ 15,000 ለማድረስ አሰበ፤ ለአምስት ዓመት የማስተማሪያ ወጪም 2.4 ቢሊዮን ፓውንድ ተመደበ።

ይሁን እንጂ መታተም ፍጻሜ አይደለም። ለፓርላማው ሒሳብ የሚመረምረው ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት በማርች 2024 የዕቅዱን አሰላል መርምሮ ከፍ ያሉ ድክመቶች እንዳሉበት አስታወቀ። በጁላይ 2025 የወጣው አዲስ የዐሥር ዓመት የጤና ዕቅድም በ2035 የሚኖረው ሠራተኛ በ2023 ከተገመተው እንደሚያንስ ገለጸ። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። ቍጥሩ ከመታተሙ በፊት ክርክሩ «ቍጥር ይኑር ወይስ አይኑር» የሚል ነበር፤ ከታተመ በኋላ ግን «ቍጥሩ ትክክል ነውን?» የሚል ሆነ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።

የእኛን አገር የሚነካው

ነገሩ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። የ2023ቱ ዕቅድ ከውጭ አገር የሚመጡትን አዲስ ተቀጣሪዎች ከአንድ አራተኛ ገደማ ወደ አንድ ዐሥረኛ ያህል ዝቅ ለማድረግ ያስባል። ሀብታም አገር ያልቈጠረውን ሠራተኛ ሲያጣ፣ ድኻ አገር አስተምሮ ያሳደገውን ሊወስድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ስለዚሁ የመልካም አሠራር መመሪያ አወጣ፤ በ2023ም የጤና ሠራተኛ እጅግ ያነሳቸውን 55 አገሮች ዘርዝሮ፣ ሌሎች አገሮች ከእነዚህ ሠራተኛ በዘመቻ እንዳይመለምሉ አሳሰበ። ኢትዮጵያ ከእነዚሁ አገሮች አንዷ ናት። ሰው በግል ፈቃዱ ሄዶ መሥራቱ ግን አልተከለከለም፤ ስለዚህ የተማረውን በአገሩ የሚያቆየው መልካም አያያዝ ነው።

ድግስ ያሰበ ቤተሰብ ጌሾውን ከመውቀጡ በፊት የሚጠራውን ሰው ይቈጥራል፤ ሳይቈጥር የደገሰ ግን እንግዳው ደጅ ከደረሰ በኋላ ወደ ጎረቤት ይሮጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፣ በጥድፊያ የተቀጠረ ሠራተኛም ብዙ ጊዜ ጸንቶ አይቀመጥም። በጠረጴዛው ላይ የሠራተኛ መዝገብ ያለው ሹም ሁሉ፣ እንደራሴ መጥቶ ከመጠየቁ በፊት ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ዛሬ ስንት አሉ? ስንቱ ሊለቁ ተቃርበዋል? ከዐሥር ዓመት በኋላስ ስንት ያስፈልጋሉ? መልሱን ጽፎ ያስቀመጠ ሹም በምክር ቤት ፊት ሲቆም አያፍርም፤ በሐኪም ቤት ደጅ የምትጠብቀው እናትም ከልጇ ጋር የሚያያት ሰው ታገኛለች።