ነጋዴው መቼ ይረፍ? የአዋሽና የሰመራ መንገድ

አዋሽ ሰባት ኪሎ በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያደገ ከተማ መሆኑ የታወቀ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ፥ መንገደኛው በአዋሽ ያድር ነበር። እንግዲህ መንገዱ ራሱ ለንግዱ የዕረፍት ሰዓት ነበረው ማለት ነው።

ዛሬ በአዋሽና በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና የተወሰነ ሰዓት የለውም። በሰመራ የሰኔ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ የምግብ ቤቱን ባለቤት ቀን ሙቀቱ፥ ሌሊት ገበያው እንቅልፍ ይነሡታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ሠራተኛውም በሳምንት 24 ሰዓት እንዲያርፍ ይደነግጋል። ባለቤቱ ግን ለራሱ ካልደነገገ የሚደነግግለት የለም፤ እሱ ሲታመም ደግሞ ቤቱ አብሮ ይዘጋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በእኛ አስተያየት ትርፉ ሲጨምር መቅደም ያለበት ሁለተኛ ቤት መክፈት ሳይሆን፥ ቁልፍና የገንዘብ ሣጥን የሚታመን ሰው መቅጠር ነው። በየፈረቃው መጨረሻ ሒሳቡ ተጽፎ ርክክብ ከተደረገ፥ ባለቤቱ ሳይሠጋ ይተኛል። ንግዱ አደገ የሚባለውም ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ መሥራት ሲችል ነው።