በጧቱ ወንበር ላይ የተፈጸመ ሙያ

ስለ ራዲዮ ሙያ ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች መካከል ደጋግሞ የሚመጣው፣ የጧት ፕሮግራም አቅራቢነት ወደ ቴሌቪዥን መሻገሪያ ነው ወይስ በራሱ የተፈጸመ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው የሚለው ስለ ሆነ፣ በሐተታ ከማራዘም ይልቅ የአንድ ሰው ዜና ሕይወት ብተርክላችሁ ይበልጥ የሚያስረዳ መስሎ ታየኝ። ሰውየው በእንግሊዝ አገር የቢቢሲ ራዲዮ 2ን የጧት ክፍለ ጊዜ፣ በሁለት ዘመን ተከፍሎ፣ ከሩብ ምእት ዓመት በላይ የመሩት ሰር ቴሪ ዎጋን ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዎጋን በ1938 በአየርላንድ በሊመሪክ ከተማ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን በደብሊን ከፈጸሙ በኋላ በባንክ ጸሐፊነት ተቀጥረው ሳለ፣ በጋዜጣ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አይተው ወደ አየርላንድ ብሔራዊ ስርጭት ገቡ፤ በዚያም በዜና አንባቢነት ልሳናቸውን አሠለጠኑ። ከዚያ ወደ ለንደን ተሻግረው በኤፕሪል 1972 የራዲዮ 2ን ጧት ተረከቡ።

የተረከቡበት ዘመን ቀላል አልነበረም። በኖቬምበር 1974 በበርሚንግሃም ከተማ በሁለት መጠጥ ቤቶች የፈነዱት ቦምቦች 21 ሰዎችን ሲገድሉ፣ ጥፋቱ በአየርላንድ ታጣቂዎች ላይ ስለ ተጣለ፣ በእንግሊዝ የሚኖረው አየርላንዳዊ ሁሉ አነጋገሩ ብቻ እያሳበቀበት በጥርጣሬ ዐይን ይታይ ነበር፤ በዚያ መራራ ወራት እንኳ የአየርላንድን ለዛ ያልተወው የዎጋን ድምፅ በየማለዳው ወደ እንግሊዛውያን ማድ ቤትና መኝታ ቤት ይገባ፣ በወዳጅነትም ይደመጥ ነበር። ብዙ ስብከትና ብዙ ርእሰ አንቀጽ ሊያደርገው ያልቻለውን አንድ የለዘበ ድምፅ በጽናት ሲያደርገው ማየት፣ ስለዚህ ሙያ ካለኝ አክብሮት ዋነኛው ምክንያት ነው።

ምስጢራቸው ምን ነበር? ስንት አድማጭ እንዳላቸው በተጠየቁ ጊዜ፣ አድማጮቻቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ፣ «አንድ ብቻ» ብለው መለሱ ይባላል። ይህን መልስ እንደ ጨዋታ የሚወስዱት አሉ፤ እኔ ግን የሙያው ሕግ ሁሉ የተጠቀለለበት ቃል ነው እላለሁ። ጧት ራዲዮ የሚሰማ ሰው ለጉባኤ የተሰበሰበ ምእመን አይደለም፤ አንዱ በመስተዋት ፊት ጢሙን ይላጫል፣ አንዷ ለልጆቿ ቁርስ ታሰናዳለች፣ ሌላው መሪ ጨብጦ በመንገዱ መጨናነቅ ይበሳጫል፣ ማታውን በሥራ ያደረችው ነርስም ገና ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ሁሉም ለየብቻው ነው። ስለዚህ አቅራቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሕዝብ ሆይ» በሚል መንፈስ ቢናገር ለማንም አይደርስም፤ በአጠገቡ እንደ ተቀመጠ አንድ ሰው አድርጎ ሲያዋራው ግን ለእያንዳንዱ ይደርሳል።

ዎጋን ይህን ያጸኑት በደብዳቤ ነበር። አድማጮቻቸው በብዕር ስም እየጻፉ፣ ቀድሞ በፖስታ፣ ኋላም በኢሜይል የሚልኩትን ወግ በአየር ላይ ያነቡ፣ እያነበቡም ከልባቸው ይስቁ ነበር፤ አዘጋጃቸው ፖል ዋልተርስና ዜና አንባቢዎቹም በጨዋታው ይገቡ ነበር። ደብዳቤ ማንበብ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው፤ ጸሐፊው ሳይዋረድ፣ ሌላው አድማጭ ሳይሰለች፣ ቃሉም ሕይወቱን ሳያጣ ማንበብ ትዕግሥትና ትሕትና ይጠይቃል። ጸሎተ ነግህ በየዕለቱ ሲደገም ለሚቆምበት ሰው እንደማያረጅ፣ የእርሳቸውም ጧት በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ድምፅ እየተደገመ ለዓመታት ትኩስ ሆኖ ቆየ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እመለሳለሁ። በ1984 መጨረሻ ዎጋን ጧቱን ትተው ወደ ቴሌቪዥን ሄዱ፤ በሳምንት ሦስት ምሽት የሚታይ፣ በስማቸው የተጠራ የእንግዶች ፕሮግራም ተሰጣቸውና ዝናቸው ገነነ። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ በ1992 ተቋርጦ ሰዓቱ ለአንድ አዲስ ተከታታይ ድራማ ተሰጠ፤ ድራማውም ዓመት ያህል ቆይቶ ከአየር ወረደ። ዎጋን ግን በጃንዋሪ 1993 ወደ ጧቱ ወንበር ተመለሱ። በጊዜው መመለሱን እንደ መውረድ የቆጠረው ሰው ጥቂት እንዳልነበረ እገምታለሁ፤ ነገር ግን የሕይወታቸው ሙሉ ፍሬ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል የሚዘልቀው ያ ፕሮግራም ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ አድማጭ ሲያፈራ፣ እርሳቸውም በ2005 የብሪታንያ ዜግነት ወስደው «ሰር» የሚለውን ማዕርግ ተቀበሉ። ቴሌቪዥን ፊታቸውን አስተዋወቀ፤ ከሰው ቤት ያዛመዳቸው ግን ጧቱ ነው።

የመጨረሻውን የጧት ፕሮግራም በዲሴምበር 18 ቀን 2009 አቀረቡ፤ በስንብታቸውም አድማጮቻቸውን ስለ ወዳጅነታቸው አመሰገኑ። ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት አልፎ ሳለ ራዲዮን ግን ጨርሰው አልተዉትም፤ በሚቀጥለው ዓመት የእሑድ ፕሮግራም ጀምረው፣ በጃንዋሪ 2016 ከማረፋቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ እስከ ኖቬምበር 2015 ድረስ በዚያው ጣቢያ አገለገሉ።